ተመልካቹ ምን ሲያውቅ ይጨነቃል? የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች አከፋፈት ዳሰሳ

ሁለት እጆች ስክሪኑን ሞልተውታል፤ ከፈንጂ ጋር የተያያዘ ሰዓት ይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ይሞሉለታል። የእጆቹ ባለቤት የግድግዳውን ጥግ ይዞ ይሮጥና ፈንጂውን ከቆመች መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከቶ ይሰወራል። ወዲያው አንድ ባለጸጋና አብራው ያመሸች ጨፋሪ እየተሳሳቁ መጥተው መኪናዋ ውስጥ ይገባሉ። ካሜራው ከፍ ብሎ በጣሪያ ላይ ይሻገርና መልሶ ጎዳናው ላይ ይወርዳል። መኪናዋ በሰውና በፍየል መንጋ መሀል እየቆመች እየተነሳች ትጓዛለች። ሁለት አዲስ ተጋቢዎች በእግራቸው ይደርሱባታል፤ ያልፏታል፤ እሷም መልሳ ትደርስባቸዋለች። ድንበሩ ላይ ጨፋሪዋ ጭንቅላቷ ውስጥ ሰዓት የሚቆጥር እንደሚመስላት ለጠባቂው ታማርራለች፤ ጆሮ የሰጣት ግን የለም። መኪናዋ አልፋ ከዓይን ስትሰወር ሙሽሮቹ ሊሳሳሙ ይጠጋሉ፤ ፍንዳታው ያኔ ይሰማል። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ፣ አንድም ቦታ ላይ ያልተቆረጠ ሾት ነው። ፊልሙ የኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል» ነው፤ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው።

ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች አከፋፈት ለሚነሳ ክርክር ይህ ሾት እጅግ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ፊልሙን ከዌልስ እጅ ወስዶ ሲያወጣው የተዋንያኑንና የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር በምስሉ ላይ አስነበበ፤ የሄንሪ ማንቺኒን ደማቅ ማጀቢያ ሙዚቃም ከላይ ጫነበት። ዌልስ ቀድሞ የስቱዲዮውን ቅንብር አይቶ 58 ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ነበር፤ ብዙም የሰማው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ዋልተር መርች የተባለው እውቅ ኤዲተር ያንን ማስታወሻ መመሪያ አድርጎ ፊልሙን እንደገና ሲያቀናብር የስም ዝርዝሩን ከመክፈቻው አነሳው። ሙዚቃውንም አውጥቶ በምትኩ ከየመሸታ ቤቱና ከመኪናዋ ሬዲዮ የሚወጡ ዘፈኖች ሲቀርቡና ሲርቁ እንዲሰሙ አደረገ። ምስሉ ያው ነው፣ ፈንጂውም ያው ነው። ተመልካቹ ግን አሁን መኪናዋ የት እንዳለች በጆሮው ጭምር ይከታተላል፤ የሬዲዮዋ ዘፈን ሲጎላ ፈንጂው እየቀረበ እንደሆነ ያውቃል። በቀድሞው ቅጂ ሙዚቃው «ተጨነቅ» ይለዋል፤ በአዲሱ የሚጨነቅበትን ነገር በእጁ ይሰጠዋል። ሁለቱን አከታትሎ ያየ ሰው የትኛው ልብ እንደሚሰቅል ለመፍረድ ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም።

በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደው አስተሳሰብ ልብ አንጠልጣይ ፊልም በመደበቅ ይሠራል የሚል ነው፤ ጨለማ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው፣ ያልተነገረ ምክንያት። እኔ የምከራከረው ተቃራኒውን ነው። ጥሩ መክፈቻ መጀመሪያ ይሰጣል። አንድ ነገር፣ ትንሽም ብትሆን፣ ተመልካቹ በእርግጠኝነት እንዲያውቃት ያደርጋል፤ ከዚያ በዚያችው እውቀት ላይ አንድ ክፍተት ይተዋል። ውጥረቱን የሚወልደው የተሰጠው ነው፤ ምስጢሩ ደግሞ ክፍተቱ ውስጥ ይኖራል። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም፤ ብዙ ደካማ ፊልሞች የሚወድቁትም ምስጢርን ብቻ ከምረው ልብ ሰቀላ በራሱ ጊዜ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገውና በ1966 በመጽሐፍ በወጣው ረጅም ቃለ መጠይቅ ይህን በአንድ ምሳሌ አስረድቶታል። ጠረጴዛ ሥር ያለ ፈንጂ ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የምታተርፈው የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ፈንጂው መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት አስቀድመህ ብትነግረው ግን ያው ተራ የጠረጴዛ ዙሪያ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል። ምሳሌው ብዙ ጊዜ ስለተጠቀሰ የተሰለቸ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሚፈተነው መክፈቻ ላይ ነው። ገጸ ባሕርያቱን ገና አናውቃቸውም፣ አንወዳቸውምም፤ ስለዚህ ከማናውቀው ሰው ጋር የሚያስተሳስረን ስለ እሱ እሱ ራሱ የማያውቀውን ማወቃችን ብቻ ነው።

ፈንጂና መኪና የሌለበት፣ ከዚያም በፊት የተሠራ ማስረጃ አለ። ፍሪትስ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 «ኤም» የተሰኘውን የመጀመሪያ ባለድምፅ ፊልሙን በጀርመን ሲያወጣ ታሪኩን የጀመረው በልጆች ጨዋታ ነው። ልጆች ግቢ ውስጥ ክብ ሠርተው ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይ እየዘመሩ እርስ በርስ ይቆጣጠራሉ፤ አንዲት ሴት ከላይ ሆና ትገስጻቸዋለች። ፎቅ ላይ አንዲት ልብስ አጣቢ እናት ለልጇ ለኤልዚ ምሳ ታዘጋጃለች። የግድግዳው ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ይላል፤ ትምህርት ቤት ይለቀቃል። ኤልዚ መንገድ ላይ ኳሷን በማስታወቂያ ዓምድ ላይ እያነጠረች ትጫወታለች። ዓምዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ገዳዩን ለሚጠቁም 10,000 ማርክ ይሰጣል ይላል። በዚያው ወረቀት ላይ ባርኔጣ ያደረገ የወንድ ጥላ ያርፋል፤ ጥላው ኳሷን ያደንቃል፤ ስሟንም ይጠይቃታል። ከዚያ በኋላ ላንግ አንዲት ጠብታ ደም እንኳ አያሳየንም። እናቲቱ ሰዓቱን ታያለች፣ ከደረጃ የሚወጡትን ልጆች ስለ ኤልዚ ትጠይቃለች፣ በመስኮት ትጣራለች። ስሟ ሲጠራ የምናየው ወና የደረጃ ቤት ነው፤ ቀጥሎ ልብስ የተሰጣበት ጣሪያ ሥር፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ባዶ ሳህን። ኳሷ ከቁጥቋጦ ሥር ተንከባልላ ትወጣለች፤ ሰውየው የገዛላት ፊኛ የስልክ ሽቦ ላይ ተጠምዶ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ ማን ምን እንደሚያውቅ እንቁጠር። እናት የምታውቀው ልጇ መዘግየቷን ነው። ልጅ የምታውቀው አንድ ደግ ሰው ማግኘቷን ነው። ሁለቱን አጋጥሞ የሚያውቅ ተመልካቹ ብቻ ነው፤ የሚነግርበት አፍ ግን የለውም። ያ ባዶ ሳህን እንዲህ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ገዳዩ ማን ነው የሚለው ምስጢር ሙሉ በሙሉ ተጠብቋል፤ ጭንቀቱ ግን ከምስጢሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ከምናውቀው ነው የመጣው።

ይህን በአንድ ትዕይንት ውስጥ፣ በፊትና በኋላ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ መክፈቻ የኩዌንቲን ታራንቲኖ «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2009 ሥራ። ፊልሙ በዘውግ የጦርነት ፊልም ቢባልም የመጀመሪያው ምዕራፍ ከማንኛውም ልብ አንጠልጣይ ፊልም ጋር ይወዳደራል። ዘመኑ 1941፣ ቦታው በናዚ የተያዘችው ፈረንሳይ ገጠር ነው። ኮሎኔል ሃንስ ላንዳ ወደ አንድ የወተት ላም አርቢ ገበሬ ቤት ይመጣል፤ ወይን ሲቀርብለት ወተት ይመርጣል፣ ወረቀቶቹን ዘርግቶ ብዕሩን ያዘጋጃል፤ ፍጹም ጨዋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የምንመለከተው አንድ የሚያስፈራ ባለሥልጣንና አንድ ዝምተኛ ገበሬ ነው። የሚረብሽ ነገር እንዳለ ይሰማናል፤ ምንነቱን አናውቅም። ወሬው በመሀሉ እያለ ካሜራው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ወለሉን አልፎ ይዘልቃል፤ ከሳንቃው ሥር በደረታቸው የተኙ፣ አፋቸውን በእጃቸው የያዙ የአይሁድ ቤተሰብ እናያለን። ካሜራው ሲመለስ ላንዳ እንደ ቀድሞው ረጋ ብሎ ያወራል፣ ገበሬውም ፒፓውን ያጨሳል። ከላይ የተለወጠ ነገር የለም። እኛ ግን አሁን እያንዳንዱን የወንበር መንቀሳቀስና የቦት ኮቴ ከወለሉ ሥር ሆነን እንሰማለን። ቀደም ብሎ ላንዳ ንግግሩን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ እንዲቀይሩ ጠይቆ ነበር፤ ያኔ ለፊልሙ አመቺነት የተደረገ መስሎን አልፈነዋል። ከሥር ያሉት እንግሊዝኛ እንደማይሰሙ ስንረዳ ያ ጨዋነት ወጥመድ እንደነበር ይገለጥልናል። ታራንቲኖ የመጀመሪያውን ግማሽ በምስጢር፣ ሁለተኛውን በእውቀት ነው የሠራው፤ የሚያንቀጠቅጠው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ግን በከንቱ አልባከነም፤ ለሁለተኛው ቦታ አዘጋጅቶለታል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ታላላቅ የሚባሉ መክፈቻዎች ብዙዎቹ ይደብቁ የለም ወይ? የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» ሻርኩን ለረጅም ጊዜ አያሳይም፤ የሚካኤል ሃኔከ «ካሼ» ማን እያየ እንደሆነ ሳይነግረን ነው የሚጀምረው። ተቃውሞው ችላ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ፊልሞቹን ጠጋ ብሎ ላያቸው ውሃ አያነሳም። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው «ጆውስ» ወጣቷ በሌሊት ባሕር ውስጥ ስትዋኝ ካሜራው ከሥሯ ሆኖ የሚንቀሳቀሱ እግሮቿን ወደ ላይ ያያል። ሻርኩን አላየነውም፤ ሻርኩ የሚያየውን ግን እያየን ነው፤ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚፈልግና እሷ እንደማታውቅ አውቀናል። የጆን ዊልያምስ ሁለት ኖታዎችም ርቀት ይለካሉ፤ ሲፈጥኑ ቀርቧል ማለት ነው። የተደበቀው መልኩ ብቻ ነው፤ ያም በከፊል የሆነው ሜካኒካል ሻርኩ ባሕር ላይ እየተበላሸ ስላስቸገረ ነበር። «ካሼ» (2005) ከዚህ ይከብዳል። ፊልሙ የፓሪስ አንድ ጸጥ ያለ መንገድና ቤት በማይንቀሳቀስ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ያሳየናል፤ ምንም አይሆንም። ከምስሉ ውጭ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ይሰማል፤ በድንገት ምስሉ በቪዲዮ መስመሮች ተቆራርጦ ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ፊልሙን እያየን የመሰለን እኛ፣ ለቤቱ ባለቤቶች የተላከ ካሴት ነበር ከእነሱ ጋር እያየን የነበረው። ያንን ረጅም ዝምታ በውጥረት የሞላው መደበቁ አይመስለኝም፤ እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ተመልካች የሚሰማው ትዕግሥት ማጣት ነው። ጭንቀቱ የሚጀምረው ምስሉ ወደ ኋላ በተጠቀለለባት ቅጽበት፣ ማለትም አንድ እርግጠኛ እውቀት ሲሰጠን ነው። አንድ ሰው ይህን ቤት ቀርጿል። ከዚያ በኋላ በፊልሙ ውስጥ የሚመጣ እያንዳንዱ የማይንቀሳቀስ ምስል ያስፈራናል። የዴቪድ ፊንቸር «ሰቨን» (1995) ደግሞ ይህን በስም ዝርዝሩ ውስጥ ሠርቶታል። ካይል ኩፐር ባዘጋጀው መግቢያ ፊቱ የማይታይ ሰው ደብተር ይሰፋል፣ ፎቶ ይቆርጣል፣ የጣቶቹን ጫፍ ቆዳ በምላጭ ይልጣል። መርማሪዎቹ ገና የዚህን ሰው የመጀመሪያ ሰለባ ሳያዩ እኛ የወንጀለኛውን ትዕግሥትና ሥርዓት አውቀናል፤ አሻራ ያልተገኘበት ምክንያት ኋላ ሲነገር ምላጩ ትዝ ይለናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሙዚቃ ወገን ይመጣል። የበርናርድ ሄርማንን የቫዮሊን ድምፆች ከ«ሳይኮ» (1960) መግቢያ ላይ ብታነሳ፣ የሶል ባስ የሚሰነጣጠቁ መስመሮች ምን ይቀራቸዋል ይባላል። ብዙ እንደሚጎድላቸው አልክድም። ሙዚቃ ብቻውን ግን የሚሰጠው ስሜት እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ የሚጨበጥ ነገር ካልተከተለው በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል። የኮይን ወንድማማቾች «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» (2007) በተቃራኒው ሙዚቃ የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል ትቶ ያስጨንቃል። የፖሊስ ምክትሉ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ለአለቃው ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር መሆኑን ያስረዳል። ከኋላው፣ ምስሉ በደበዘዘበት፣ በካቴና የታሰረው እስረኛ ጎንበስ ብሎ እጆቹን በእግሮቹ ሥር ወደ ፊት ያሳልፋል። ጩኸት የለም፣ ድንገተኛ ቅርበት የለም፤ እኛ የምናየውንና ምክትሉ የማያየውን በአንድ ምስል ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቃል። ከትግሉ በኋላ የሚቀረው ወለሉ ላይ በቦት ተረከዝ የተሰመረ ጥቁር ጭረት ነው። በዘመናችን ፊልሞች የሚዘወተረው በፈጣን ቁርጥራጭና በጩኸት መጀመር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ድክመቱን ለመሸፈን የሚሮጥ ይመስላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይረቃል፦ ጭንቀት የሚመጣው ከማወቅ ከሆነ፣ ሁሉን ካወቅን በኋላ ምን ይቀራል? ቢሊ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1944 በ«ደብል ኢንደምኒቲ» ይህን እስከ ጥግ ገፍቶታል። የቆሰለ ሰው በሌሊት የሎስ አንጀለስ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ገብቶ በድምፅ መቅጃ ላይ ይናዘዛል፤ ለገንዘብና ለሴት ብሎ ሰው መግደሉን፣ ሁለቱንም አለማግኘቱን በመጀመሪያ ደቂቃዎች ይነግረናል። ማን ገደለ፣ ለምን ገደለ፣ ተሳካለት ወይ፤ ሁሉም ተመልሷል። ፊልሙ ግን አይላላም፤ ምክንያቱም የቀረችው አንዲት ጥያቄ፣ እንዴት እንደተያዘ፣ ከሦስቱ ይልቅ ትጠባለች፣ በእያንዳንዱ ትዕይንትም ትነሳለች። ፈላስፎችና የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድን ፊልም ደግመው ሲያዩ እንኳ ሰዎች ለምን እንደሚጨነቁ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። የእኔ ግምት በቀላል ነገር ላይ ያርፋል። ጭንቀቱ ከእኛ አለማወቅ የተነሳ ቢሆን በሁለተኛው ዕይታ መሞት ነበረበት። ከእኛ ማወቅና ከባለታሪኩ አለማወቅ መካከል ካለው ርቀት ስለሚነሳ ግን በድጋሚ ስናይ ርቀቱ ይብሳል እንጂ አይጠብም።

ይህ ማለት ለተመልካቹ የሚሰጠው እውቀት ሁልጊዜ ታማኝ ነው ማለት አይደለም። «ሳይኮ» የሚጀምረው በፊኒክስ ከተማ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን (ዓርብ ዲሴምበር 11፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ43) በጽሑፍ በማስቀመጥ ነው፤ ልክ እንደ ፖሊስ መዝገብ። ካሜራው በሆቴል መስኮት ገብቶ ገንዘብ ያጠራቸው ፍቅረኛሞች ያሳየናል፤ ብዙ ሳይቆይ ሴትዮዋ 40,000 ዶላር ይዛ ትጠፋለች። ሁሉም መረጃ እውነት ነው፤ ጥያቄው ብቻ ነው የተሳሳተው። ገንዘቡ ምን ይሆናል እያልን ስንከታተል ፊልሙ ሳይጋመስ ሴትዮዋ ትገደላለች። ሂችኮክ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶችን ማስገደዱ የንግድ ብልጠት ብቻ አልነበረም፤ መጀመሪያውን ያላየ ሰው የሚታለልበት ነገር የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ተመሳሳይ ፊልሞች ይሳሳታሉ፤ ተመልካቹን ለማታለል ሐሰት ይነግሩታል። ሲነቃበት ይናደዳል፣ መናደዱም ትክክል ነው።

ጨለማና ዝናብም ግዴታ አይደሉም። የደቡብ ኮሪያው ቦንግ ጁን-ሆ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» የሚከፈተው በፀሐይ በደመቀ የሩዝ ማሳ ነው። መርማሪው ከመንገድ ሥር ባለ የውኃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ አጎንብሶ የሴት ሬሳ ያያል፤ ከላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ የሚናገረውን ቃል በቃል እየደገመ ያሾፍበታል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በህዋሶንግ ከተፈጸሙ እውነተኛ ግድያዎች የተወሰደ ነው፤ ፊልሙ ሲወጣ ገዳዩ አልታወቀም ነበር፣ የታወቀው በ2019 ነው። በእኩለ ቀን፣ በእህል መሀል፣ ሕግ አስከባሪው በሕፃን ሲደገም፤ የሚሰጠን እውቀት ስለ ገዳዩ ሳይሆን ስለ መርማሪው ነው። ይህ ሰው ለዚህ ሥራ እንደማይበቃ በሁለት ደቂቃ ተረድተናል፤ የቀረው ፊልም ይህን እየተመለከቱ መሳቀቅ ነው።

አሁን አሁን በየመድረኩ የሚታዩት ተከታታይ ፊልሞች ከታሪኩ መጨረሻ አንድ አስደንጋጭ ቁራጭ ያስቀድሙና «ከሦስት ቀን በፊት» ብለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ዘዴው በራሱ ጥፋት የለበትም፤ «ደብል ኢንደምኒቲ»ም ከመጨረሻው ነው የጀመረው። ልዩነቱ ያኛው ጠባብና ግልጽ ጥያቄ ሲተውልን፣ ብዙዎቹ የዛሬዎቹ ደም የነካው ሰው ሲሮጥ አሳይተው ማን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሸሽ፣ ምን ሊያጣ እንደሚችል አንዱንም አለመስጠታቸው ነው። ይህ ተመልካቹን ለአሥር ደቂቃ ያቆየው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ምንም ስንቅ ይተወዋል።

በትንሽ ገንዘብ ፊልም ለሚሠሩ የአገራችን ጸሐፊዎችና ዳይሬክተሮች ከዚህ ሁሉ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። ላንግ ያንን መክፈቻ በሳህን፣ በኳስ፣ በሰዓትና በባዶ ደረጃ ሠርቶታል፤ ከእነዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የማይገኝ የለም፣ ክሬንም ሆነ ፍንዳታ አይጠይቅም። ስለዚህ ስክሪፕታችሁን ለካሜራ ከማቅረባችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አስነብቡ። ሲጨርስ «ምን አልገባህም?» ሳይሆን «ባለታሪኩ የማያውቀው፣ አንተ ግን የምታውቀው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ቀረጻውን አዘግዩና ገጾቹን እንደገና ጻፏቸው።